ቡድናችን ሊከፈል ነው

ዛሬ ከትንሿ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትና ጸሎት ቡድናችን ስመለስ ልቤ ከብዶኛል። ያስከፋኝ ሰው የለም፤ ጥናቱ እንደ ወትሮው ከሰዓቱ አልፎ ነው ያበቃው፣ ጸሎቱም መልካም ነበር። አስተባባሪያችን ሊያሰናብተን ሲል ቁጥራችን ስለ በዛ በቅርቡ ለሁለት እንደምንከፈል ነገረን፤ ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። እኔም ከልቤ ነው ያልሁት፤ ሆኖም ኀዘኑ አብሮኝ ቤት ገባ።

በዚህ ቡድን ውስጥ ምን አገኘሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሴ ትምህርት አይደለም። ትምህርቱን በእሑድ ስብከትም አገኘዋለሁ። ነገር ግን በስብከት የተነካ ልብ በሳምንቱ መካከል የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው በትልቁ ጉባኤ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ታላቅ እህታችን የጸሎት ርእሶቻችንን በደብተር ትጽፋለች፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ አዲስ ርእስ ከመቀበሏ በፊት ገጹን ወደ ኋላ ትገልጥና ጣቷን ከስም ወደ ስም እያወረደች «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ትለናለች። ከተቀያየምሁት ሰው ጋር እንድታረቅ ጸልዩልኝ ያልሁ ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ እንደሚጠብቀኝ ስለማውቅ ስልኩን አንሥቼ ደወልሁለት። ይቅር ማለት እንደሚገባኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እንድደውል ያደረገኝ ግን የዚያች እህት ደብተር ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1742 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ፣ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው የጆን ዌስሊ ማኅበርተኞች የሕንጻቸውን ዕዳ ለመክፈል እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ አንድ ፔኒ እንዲያዋጣና አንድ መሪ የ11 ሰዎችን መዋጮ እየዞረ እንዲሰበስብ ተስማሙ። ለገንዘቡ ብለው በየቤቱ የገቡት መሪዎች ግን አንዱን ከሚስቱ ጋር ሲጣላ፣ ሌላውን ሰክሮ አገኙት። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ሲፈልገው የኖረው ነገር ይህ መሆኑ ታየው፤ ቆይቶም እነዚያ ቡድኖች በየሳምንቱ በአንድነት እየተሰበሰቡ ስለ ነፍሳቸው ሁኔታ የሚጠያየቁ ሆኑ። የሚደንቀኝ መነሻው ነው፤ ለአንድ ሳንቲም የተንኳኳው በር የሰውን እውነተኛ ኑሮ ገለጠ።

ሐዋርያትም አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም፣ እርስ በርስ እንዲናዘዝ፣ ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንዲነቃቃ ያዘዙት ብዙዎቹ በሰው ቤት ይሰበሰቡ ለነበሩ ምእመናን ነው፤ ጳውሎስ በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ የላከው (ሮሜ 16፥5) ለዚህ ምስክር ነው። በትልቅ ጉባኤ ተቀምጦ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ብቻ እያዩ ሸክሙን መሸከም እንዴት ይቻላል?

በር አጠገብ መቀመጥ የሚወድ አንድ ወንድም አለን። ለረጅም ጊዜ «ለእኔም ጸልዩልኝ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም ነበር። አንድ ምሽት ግን እናቱ ካረፉ ጀምሮ መጸለይ እንዳቃተው ነገረን። ማንም ጥቅስ አላነሣም፤ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እርሱ መጸለይ እስኪችል ድረስም እኛ በእርሱ ፈንታ እንደምንጸልይ ነገርነው። በዚያ ምሽት ስለ እምነት የተማርሁትን በሌላ መንገድ የምማረው አይመስለኝም።

መከፈሉ ትክክል መሆኑን አምናለሁ። ይህ ቡድን ራሱ ከሌላ ቡድን ተከፍሎ የተወለደ ነው፤ እነዚያ ቀደምት ወገኖች እርስ በርስ ስለ ተዋደዱ አንለያይም ብለው ቢሆን ኖሮ እኔም ሆንሁ ያ ወንድም መግቢያ አናገኝም ነበር። ከቡድናችን ውጭ ያሉት ብዙዎች ናቸው፤ ለእነርሱም ወንበር ያስፈልጋል። ነገር ግን መተማመን እንደ ስም ዝርዝር ለሁለት ተቆርጦ አይታደልም፤ ቀስ ብሎ በሰዎች መካከል ያድጋል፣ ሰዎቹ ሲለያዩም ከፊሉ ይቀራል። አዲሱ ቡድን ደግሞ ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርበት ነው። ያ ወንድም በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ሲገኝ እንደገና ወደ ዝምታው ቢመለስ፣ አፉን እስኪከፍት ድረስ ማን በትዕግሥት ይጠብቀዋል? እኔስ ከእርሱ ጋር ልመደብ ብዬ መጠየቅ ይገባኛል፣ ወይስ ይህን ለጌታ መተው?