በሜትር የሚከፈል የአፈር ምርመራ

ዛሬም ቁፋሮው ላይ የዋሉት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ቴክኒሻኖች ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና በ110 ዲግሪ ምድጃ ሲያደርቁ ዋሉ። የችሎታ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ሳይት ላይ መጸዳጃና ማደሪያ የሚያስብ የለም። አበል ደግሞ የሚከፈለው ሜዳ ለወጣ ነው፤ ልዩነቱ ወር ሲደርስ ኪስ ውስጥ ይታያል።

የባሰው ግን ለቁፋሮ ቡድኑ በቆፈረው ሜትር ልክ መክፈል ነው። የአፈሩ ጥንካሬ ሲለካ 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሳንቲሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና ቱቦው አፈር ውስጥ 45 ሳንቲሜትር እስኪገባ ምቱ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 ሳንቲሜትር ምት አይያዝም፣ የቀሩት የሁለቱ 15 ሳንቲሜትሮች ምት ይደመራል። ሜትር ለመጨመር የቸኮለ ቡድን መዶሻውን የሚያነሳውን ገመድ ሙሉ አይስብም። መዶሻው ከ76 በታች ከወደቀ ምቱ ይበዛል፣ ልፍስፍሱ አፈር ወረቀት ላይ ጠንካራ ይሆናል። መሠረቱን የሚነድፈው መሐንዲስ ደግሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው።