ከቃሊቲ እስከ ሻላ፣ ካርታ በእጃችን

የሀይስኩል ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ይሄን የምፅፈው ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ስምጥ ሸለቆ ሀይቆች ወርደን ስለመጣን ነው፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ አስተማሪዎችም መንገዱን ብትፈልጉት እንድታገኙት ብዬ ነው። እኛ አገር ጂኦግራፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በሽምደዳ ነው፣ የስምጥ ሸለቆ ሀይቆችን ዘርዝሩ ሲባል ልጁ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሀዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ እያለ ያወርድላችኋል፣ ከዛ ዝዋይ ለመጠጥ ሆኖ አብያታ ለምን ጨው ሆነ ስትሉት ዝም ይላል። ሰንፎ አይደለም፣ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

ፊልድ ስንል ብዙ ሰው ሽርሽር ይመስለዋል፣ ፈቃድ ስጠይቅም መጀመሪያ የተባልኩት እሱን ነው። ለዚህ ነው ከጉዞው በፊት ያሉትን ሳምንታት ክላስ ውስጥ ጠንክረን የሰራነው። ከ1:250,000 ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ሻላ መስመር አስምረን እያንዳንዱ ተማሪ በግራፍ ወረቀት ላይ ክሮስ ሴክሽን (መሬቱ ከጎን ተቆርጦ ሲታይ ያለውን ቅርፅ) አወጣ፣ የት ቁልቁል እንደሚወርድ፣ የት ሜዳ እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ግራር የት ጋ እንደሚጀምር አስቀድሞ ገምቶ በእስክርቢቶ ፃፈ። በእስክርቢቶ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ መንገድ ላይ እንዳይሰርዙት። ልጁ ግምቱን ይዞ ሲወጣ ዓይኑ ሌላ ነው፣ በመስኮት የሚያየው ነገር ሁሉ ለሱ መልስ ነው፣ ባዶ እጁን የወጣ ልጅ ግን ሙዚቃ ከፍቶ ይተኛል።

ከቃሊቲ የተነሳነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ አሁን ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መስራትና መተንተን) የሚያስተምር፣ ጥቂት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ይዞ አብሮን መጣ። የሱ ጭንቀት ከኔ የተለየ ነው፣ ልጆቹ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ቆንጆ ካርታ ያወጣሉ ግን ያወጡትን ቦታ አንዳቸውም ረግጠውት አያውቁም፣ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት ከሌጀንዱ (ካርታው ዳር ካለው የምልክት መፍቻ) ብቻ ነው። የኔዎቹ ደግሞ ኮምፒውተር እንደልብ የላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱን የዩኒቨርሲቲ ልጅ ከሀይስኩል ልጆች ጋር ቀላቅለን አስቀመጥናቸው።

ቢሾፍቱ ሆራ ሀይቅ አፋፍ ላይ ትንሽ ቆምን፣ ቀልጦ የሚወጣ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ በእንፋሎት ፈንድቶ እንደዛ ያለ ጉድጓድ እንደሚተው ጓደኛዬ አስረዳ፣ ሄድን። ሞጆ ታጥፈን ቆቃ ጋ ስንደርስ አዋሽን አየን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የተገደበው፣ ባህር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሀይቅ ገብቶ የሚያልቀው ወንዝ። ግራሩን ቀድሞ ያየ ልጅ ጮኸ፣ ከፍታውን ከስልኩ አንብቦ ካርታው ላይ ነጥብ አደረገ፣ ከዛ በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ክርክር ሆነ ምክንያቱም ብዙዎቹ የገመቱት ከዛ ዝቅ ብሎ ነበር።

ባቱ (ዝዋይ) ስንደርስ ቴርሞሜትር አወጣን፣ ከኬሚስትሪ ላብ የተዋስነው ነው። ክላስ ውስጥ 100 ሜትር ዝቅ ባልን ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ይጨምራል እያልን አስልተን ነበር፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤታችን 2,400 አካባቢ፣ ባቱ ወደ 1,640፣ ልዩነቱ 760 ሜትር፣ ስለዚህ 4.6 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። እዚህ ጋ ነው አንዷ ተማሪ ገና ከመነሳታችን በፊት ያነሳችው ጥያቄ የጠቀመን፣ «ቲቸር ጠዋት ለክተን ቀትር ላይ ብናወዳድር እኮ የከፍታ ሳይሆን የሰዓት ልዩነት ነው የምናገኘው» ብላ። ትክክል ናት፣ ስለዚህ ወንድሟ አዲስ አበባ ጥላ ስር ሌላ ቴርሞሜትር ይዞ ልክ 6 ሰዓት ላይ ለክቶ ደወለላት። ልዩነቱ 6 ዲግሪ መጣ። ለምን በለጠ? ደመና ነው፣ አይ አስፋልቱ ነው፣ የሀይቁ ነፋስ ካለማ ማቀዝቀዝ ነበረበት፣ ምሳቸውን እየበሉ ተከራከሩበት። እኔ መልስ አልሰጠሁም፣ እንዲህ ያለ ክርክር ክላስ ውስጥ በስንት ልመና የማላገኘው ነው።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ግን ቡልቡላ አካባቢ የሆነው ነው። ከመምጣታችን በፊት የ1:50,000 ካርታ ሺቶችን (ቅጠሎችን) ፎቶኮፒ አድርገን በስኮች አያይዘን መሬት ላይ ዘርግተን ነበር፣ ኮንቱሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) በየ20 ሜትሩ ነው፣ ልጆቹን የ1,660 ሜትሩን መስመር ተከትላችሁ ከሱ በታች ያለውን ሁሉ ሰማያዊ ቀቡ አልኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ተንበርክከው ሲቀቡ ሲቀቡ ዝዋይ ከላንጋኖ ተገናኘ፣ ላንጋኖ ከአብያታ፣ አብያታ ከሻላ፣ አራቱ አንድ ሆኑ። ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ከአሁኑ በጣም በሚበዛበት ዘመን እውነትም አንድ ትልቅ ሀይቅ ነበሩ፣ ወደ 1,670 ሜትር ሲደርስ በሰሜን በኩል ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ይሄን በቃል ብነግራቸው ፅፈው ይይዙት ነበር፣ በቃ። አሁን ግን ቡልቡላ ወንዝ የቆረጠው ገደል ላይ ቆመው ከሀይቅ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ሽፋን በሽፋን የተደራረበ ነጭና ግራጫ ደለል አዩ፣ አንዱ ልጅ በጥፍሩ ፈቅፍቆ ከጥፍሩ የማትበልጥ የቀንድ አውጣ ዛጎል አወጣ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ እየዞረ ለሁሉም አሳየ። የውሃ እንስሳ ናት እኮ፣ እዚህ ምን ትሰራለች አለ አጠገቡ ያለው። እነዚህን ዛጎሎች በካርቦን 14 እየለኩ ነው ሊቃውንቱ የሀይቁን ዕድሜ ያወቁት ስለው ልጁ ዛጎሏን መልሶ በጥንቃቄ ቦታዋ አስቀመጣት፣ ደስ አለኝ።

አብያታ ላይ መኪናው ከቆመበት እስከ ውሃው ብዙ ነው፣ ነጭ ቅርፊት ላይ እየረገጥን ሄድን፣ ከስሩ ጭቃ ነው፣ ሽታውም አለ። ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚያነሳው ምስል ከ2008 ወዲህ ለሁሉም በነፃ ነው፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ልጆች የ1973ን፣ የመካከለኛውን ጊዜና የቅርቡን ጎን ለጎን አትመው አመጡ። ፍየል የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አገኘን፣ ኦሮምኛ የምትችል ተማሪያችን አባባ ብላ ሰላምታ ሰጥታ ውሃው ድሮ የት እንደነበር ጠየቀችልን። በዱላቸው ከኋላችን ያለ ግራር አሳዩ፣ ደርግ በገባ ጊዜ እስከዛ ነበር፣ አሳ ነበረ፣ ወፉም መሬቱን ይሸፍን ነበር አሉ። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሮጦ ግራሩ ስር ሄዶ በስልኩ ጂፒኤስ ቦታውን ወሰደና ከ1973ቱ ምስል ጋር አስተያየው፣ ከዳርቻው ብዙም አልራቀም። ልጁ አዛውንቱ እግር ስር ቁጭ ብሎ ሌላ ሌላውንም መጠየቅ ጀመረ። ጓደኛዬ ይሄን ሲያይ ዓመቱን ሙሉ ላብ ውስጥ ያስተማርኩት ዛሬ ገባቸው አለኝ።

ከዛ ዳርቻው ላይ ቆመን ሂሳብ ሰራን። በዓመት ዝናብ 600 ሚሊሜትር ገደማ፣ ትነት ወደ 2,000። አብያታ መውጫ የለውም፣ የሚገባለት ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ ነው። ላይ ያለው ውሃ ለመስኖ ሲሳብ፣ ታች ደግሞ የሶዳ አሽ (ለመስታወት መስሪያ የሚሆን ጨው) ፋብሪካ ከራሱ ከሀይቁ ሲስብ የሚቀረው ምንድን ነው? ያቺ የቴርሞሜትሯ ልጅ «ገባሩ ወንዝ ጭራሽ ቢቆም በዓመት 1.4 ሜትር ይወርዳል ማለት እኮ ነው፣ ጥልቀቱ ደግሞ ጥቂት ሜትር ነው» አለች፣ ሁሉም ፀጥ አለ። ውሃው ሲቀንስ ጨውነቱ ጨመረ፣ አሳው አለቀ፣ ሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈለ አብያታ መጥቶ አሳ ይበላ የነበረው ይብራ (ፔሊካን የሚባለው ወፍ) ምግብ አጣ።

ሻላ ለምን እንደዚህ አልሸሸም የሚለውን ሁለቱን ሀይቆች ከሚለየው ኮረብታ ላይ ሆነን ክሮስ ሴክሽናቸውን እያዩ ራሳቸው መለሱት። ሻላ እሳተ ገሞራ የተናደበት ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ 266 ሜትር፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አንድ ሜትር ቢወርድ ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ልብ አይልም፣ አብያታ ግን ሜዳ ላይ የተኛ ስለሆነ አንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው እየሸሸ ይሄዳል። ፍል ውሃው ጋ እንቁላል ቀቀሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ እሱም ያስፈልጋል።

ስንመለስ የሰጠሁት ፈተና ሀይቆቹን ዘርዝሩ አይልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ ቡልቡላ ቢዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው የቱ ሀይቅ ነው፣ ለምን፣ በክሮስ ሴክሽን አሳዩ። ክላስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚውል፣ ውጤቱ ዝቅተኛ የሆነ አንድ ልጅ ሦስት ገፅ ፃፈ፣ አዛውንቱ ያሉትንም እንደ መረጃ አስገብቶታል። እንደኔ ፊልድ ከማርክ ውጪ መሆን የለበትም፣ ቢያንስ ሩቡ ከዛ መምጣት አለበት፣ አለበለዚያ ርዕሰ መምህርም ወላጅም ሽርሽር ነው ማለቱን አይተውም።

ወጪው የአውቶቡስ ኪራይና የፓርክ መግቢያ ነው፣ ምሳ ሁሉም ከቤቱ ቋጥሮ መጣ። አዲስ አበባ ለሌላችሁም ቢሆን ሩቅ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ሸዋሮቢት 1,280 አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላን በአንድ ጠዋት ማለት ነው። ሺቶቹንና የመጠይቅ ወረቀቱን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስካን አድርጌ እልክላችኋለሁ፣ ከታህሳስ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ያን ጊዜ ብትወጡ ጥሩ ነው።