ፍሪጁ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን

የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን እወጋለሁ። በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ያልተከፈተውን ብልቃጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ በፌስታል ጠቅልዬ ከባልደረቦቼ የምሳ ዕቃ ጀርባ ፍሪጅ ውስጥ እደብቀው ነበር፤ የምወጋውም መጸዳጃ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባው ከምሳ ሰዓት አልፎ ሲረዝም እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ላብም ያጠምቀኝ ጀመር፤ ከቦርሳዬ ከረሜላ ፈልጌ ልወጣ ስነሣ ኃላፊዬ «ትንሽ ታገሺ እንጂ» አሉኝ። የወረደ ስኳር ግን ትዕግሥት አያውቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ይህ ለተኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። እየሠራች ለምትታመም ሴት ግን የሚበልጥባት በሰዓቱ የሚበላ ምሳና ለሐኪም ቀጠሮ ያለ ግልምጫ የሚሰጥ ግማሽ ቀን ነው።

በአሁኑ መሥሪያ ቤቴ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለአጠገቤ ተቀማጭ ሁሉንም ነገርኳት። ምንም አላለችም፤ በማግስቱ የፍሪጁን መካከለኛ መደርደሪያ አንድ ጥግ አጽድታ ስሜን ለጥፋበት አገኘሁ።