ገና 28 ላይ መዋሉን ያላወቀው ኮድ

የ2017 ትልቁን ስህተቴን ያገኘችልኝ እናቴ ናት። ኮምፒውተር ከፍታ አታውቅም። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ከመስከረም ልጀምር።

መስከረም ላይ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለቅቄ አምስት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ ቢሮ ገባሁ። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ገበሬው እሸት ቡናውን ማጠቢያ ጣቢያ ወስዶ ያስመዝናል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ኋላ ሒሳቡ ይከፈለዋል። ይህን በካርቦን የሚጻፍ ደረሰኝ ወደ ስልክ ማምጣት ነበር የእኔ ድርሻ። ቦሌ ቁጭ ብዬ በሁለት ወር ጨረስኩት። ጨረስኩ ብዬ ነበር ማለት ይሻላል።

ኅዳር ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ በአውቶቡስ ወደ ጅማ ወረድኩ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤን አልፈን የጊቤን በረሃ ስንወርድ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። በማግስቱ አጋሮ አካባቢ ካለ ጣቢያ ደረስኩ። ጠዋት ነው፤ ሰው የለም። ከዘበኛው ጋር ሻይ ስጠጣ ዋልኩ።

ለካ ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ነው የሚውለው። ከ10 ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሁሉም በአንዴ። ቀይ እሸት ደግሞ አያሳድሩትም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ማታ ላይ ሰውም፣ አህያውም፣ ጆንያውም ሚዛኑ ላይ ይከመራል። የእኔ ቅጽ ዘጠኝ ሳጥን ነበረው። ሚዛን ላይ የቆመችው ሴት ጣቶቿ በቡናው ዝልግልግ ፈሳሽ ተለውሰዋል። ስክሪኑ ጣቷን እምቢ አለ። በቀሚሷ ጠረገች፣ ነካችው፣ አሁንም እምቢ። ሦስተኛው ገበሬ ላይ ስልኩን መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ስልክሽ እስኪያስብ እኔ በእስክሪብቶ አራት ሰው ሸኝቼ ነበር።»

ከሰልፉ ኋላ አንድ አዛውንት በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ሳቀ። ምን እንዳሉ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያን ሌሊት ፔንሲዮን ገብቼ ከዘጠኙ ሳጥን ሰባቱን አጠፋሁ። ገበሬው ማን እንደሆነና ኪሎው ብቻ ቀረ። ቁጥሮቹን በጣም ትልቅ አደረግኳቸው። ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይያዝ አልኩ። ቢሮ ሳለሁ በጣም የኮራሁበት ባለቀለም ግራፍ ነበረ፤ እሱን በዚያ ሳምንት አንድም ሰው አልከፈተውም። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነው!

ገበሬውን በአባል ቁጥር መለየት የመረጥኩት ኋላ ነው፣ ያውም ወድጄ አይደለም። መጀመሪያ ሰውን በስም ነበር የምፈልገው። በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ሲ» የምትባለዋ ፊደል ለብቻዋ ስትጻፍ «ጭ» ነች። «ች» ለማለት «ኤች» ይጨመርባታል። ስለዚህ ጫላ የሚባል ሰው በገበሬዎቹ ማኅበር መዝገብ በቁቤ አንድ ዓይነት ተጽፏል፤ የባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሌላ ዓይነት። ለኮዴ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ ሲጻፍም አልተገላገልኩም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። አንድ ሰው ሦስት ቦታ። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርግ ፕሮግራም ልጽፍ ሁለት ቀን ስታገል፣ ሒሳብ ያዥዋ የአባልነት ደብተሩን ገልጣ ቁጥሩን አሳየችኝ። ገበሬው ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ከሁለት ቀን በፊት ብጠይቃት ኖሮ ከሁለት ቀን በፊት ትነግረኝ ነበር።

አሁን ወደ እናቴ።

ሒሳብ ያዥዋ የ2016 መዝገብም እንዲገባላት ጠየቀችኝ። መዝገቡ በኤክሴል ነው፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር። ባንኩ የሚሰጣት የክፍያ ዝርዝር ደግሞ በፈረንጅ። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀን መቀየሪያ ጽፌ ነበርና አስኬድኩት። የ2017ቱ ልክክ አለ። የ2016ቱ አንድም አልገጠመም። ኅዳር 15 የተከፈለው ገንዘብ ባንኩ ጋ ኖቬምበር 25 ነው፤ የእኔ ኮድ 24 ይላል። ሁሉም እንዲሁ በአንድ ቀን ይቀድማል። መጀመሪያ ባንኩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ሒሳብ ያዥዋን ጠረጠርኩ። (ይቅርታ እትዬ።) ራሴን የጠረጠርኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ አንድ ቅዳሜ እናቴ ቡና እያፈላች ስለ ገና እናወራለን። ዘንድሮ 29 ነው አለች። «ሁልጊዜስ 29 አይደል?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አምና ዮሐንስ አልነበር እንዴ? በዮሐንስ ገና 28 ነው።»

ስኒውን አስቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። 2015 እንዲያ ነበር። ስለዚህ ቀጥሎ የመጣው ዮሐንስ፣ ማለትም መስከረም 1 ቀን 2016፣ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። እኔ ደግሞ ኮዱ ውስጥ መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከዚያ ቀን መቁጠር ነው። 2017 ማቴዎስ ስለሆነ ልክ መጣ፤ ሙከራዬንም ያደረግኩት በ2017 ቀኖች ብቻ ነበር። ገና በየዓመቱ ጃንዋሪ 7 ላይ የሚውለው ቤተ ክርስቲያን በዮሐንስ አንድ ቀን ስለምትቀንስ ነው። እናቴ ይህን ስትኖርበት ነው ያወቀችው። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ አራት ዓመት ተምሬያለሁ።

ጃቫስክሪፕት የፈረንጁን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጎ ማሳየት እንደሚችል ያወቅኩትም ያኔ ነው። ከ1950 እስከ 2050 ያለውን እያንዳንዱን ቀን በራሴ ኮድና በእሱ አስልቼ አወዳደርኩ። አሁን ቀን የሚነካ ነገር ስጽፍ መጀመሪያ የምሞክረው ጳጉሜ 6ን ነው፣ ከዚያ የዮሐንስን መስከረም 1።

የካቲት ላይ ከአንድ ቡድን ጋር አብሮ ለመሥራት ለሁለት ሳምንት ናይሮቢ ላኩኝ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው፤ ከጅማው አውቶቡስ አይወዳደርም። የብር ካርዴ ድንበር ስለማይሻገር ጥቂት ዶላር በኪሴ ይዤ ነበር። እዚያ ኤም-ፔሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ሻይ ሻጩ ሳይቀር በስልክ ነው የሚቀበለው። እኔ ብቻ ነኝ ዝርዝር የምፈልግ።

ከናይሮቢ ይዤ የመጣሁት ትልቁ ነገር ግን ሰዓት ነው። አንድ ጠዋት የሕንፃው ጥበቃ ለሻይ ሻጯ «ሳ ታቱ» ሲላት ሰማሁ። ታቱ ሦስት ማለት እንደሆነ ለምጃለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን 9 ይላል። ጠየቅኩት። በስዋሂሊም ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ የፈረንጁ ዘጠኝ ለእነሱም ሦስት ሰዓት ነው። ደስ አለኝ፣ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ዘጠኝ ይላል፣ ወደ ስዋሂሊ ሲዞር ሦስት። አይምታታበትም።

ይህ የረዳኝ አጋሮ ላይ ጥዬው የመጣሁት ችግር ስለነበረ ነው። ሰዓቱን ስልኩ ይያዝ ብዬ አልነበር? የአንዳንዱ ሰው ስልክ ግን ጠዋት 3 ሰዓት እንዲል ተብሎ በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። በዚያ ስልክ የተመዘገበ ቡና መዝገብ ላይ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተመዘነ ይመስላል። ስለዚህ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር እንዲያመሳክርና ስህተቱን ራሱ እንዲያርም አደረግኩ። የሚታየው ጽሑፍ ደግሞ ቋንቋውን ይከተላል። በአማርኛና በኦሮምኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ 7።

የዓመቱ ሁለተኛ ራስ ምታት ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 2017 ሳይጋመስ ከ120 አለፈ። የሰርቨር ኪራያችን በዶላር ነው፣ ገቢያችን በብር። ያልተነኩ ፎቶዎችን ሰረዝን፣ ሁለት ሰርቨር ወደ አንድ አወረድን። የሚገርመው ፍጥነቱ ላይ ለውጥ አላየንም። ያን ያህል ጊዜ በከንቱ ስንከፍል ነበር።

ግንቦት ላይ ከፉሪ ለቡ በባቡር ድሬዳዋ ሄድኩ። ለሥራ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ከፊራ ገበያ ዞርኩ፣ በሙቀት ተቀቀልኩ፣ ሦስት ቀን ላፕቶፕ አልከፈትኩም። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አጋሮን አስታውሼ ወርኃዊ ሪፖርቱን አየሁት። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ጳጉሜ የለችም። ሒሳብ ያዥዋ ሳታየው ልቅደማት ብዬ አሥራ ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩ። ጳጉሜ 3 ቀን ኮራ ብዬ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ጳጉሜን አስገብቼልሻለሁ።»

«ለብቻዋ?»

«አዎ፣ ለብቻዋ።»

«ምን ታደርግልኛለች ለብቻዋ? ደመወዝ የሌላት ወር! እኛ ከነሐሴ ጋር ደርበን ነው የምንዘጋት።» ሳቀች። «ባለፈው ስትመጪ አልጠየቅሽኝም እንጂ እነግርሽ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ዓምዱን መሰረዝ ጀመርኩ።