ስቴሌ ስንት ያወጣል? የኢትዮጵያ ልዩ ሕንፃ በሲቪላይዜሽን 5

ሲቪላይዜሽን 5 በተባለው የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጨዋታ አንድን ልዩ ሕንፃ (አንድ ስልጣኔ ብቻ የሚሠራውን) የምመዝነው ከሚተካው መደበኛ ሕንፃ ጎን አስቀምጬ ነው። ሞኑመንት በ40 ምርት 2 ባህል ይሰጣል። የኢትዮጵያው ስቴሌ በዚያው 40 ምርት ላይ 2 እምነት ይጨምራል። እንዲህ ሲታይ ኢምንት ነው፤ ዋጋው የሚወጣው ተራ ሲቆጠር ነው። (ቁጥሮቹ ሁሉ የብሬቭ ኒው ወርልድ ማስፋፊያ በስታንዳርድ ፍጥነት ናቸው።)

የመጀመሪያው ፓንቴዮን (ከሃይማኖት በፊት በእምነት ነጥብ የሚመረጥ ጥቅም) 10 እምነት ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው በቀደመ ቁጥር ዋጋው በ5 ይጨምራል። ሌላው ስልጣኔ ፖተሪ የተባለውን ቴክኖሎጂ አጥንቶ፣ 40 ምርት አውጥቶ ሽራይን (መደበኛውን የእምነት ሕንፃ) ይሠራና በየተራው 1 እምነት እየለቀመ 10 ተራ ይጠብቃል። ስቴሌ ምንም ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ ባለቀ በ5 ተራ 10 ይሞላል። ዋና ከተማው በአማካይ 5 ምርት ካለው፣ ስካውት (አሳሽ፣ 25 ምርት) አስቀድሜ ስቴሌ ሳስከትል 13ኛው ተራ ላይ ይቆማል፣ ፓንቴዮኑም 18ኛው ገደማ ይደርሳል። ዙሪያው በረሃ ከሆነ ዴዘርት ፎክሎርን (ከበረሃ መሬት እምነት የሚሰጠውን ፓንቴዮን) ማንም ሳይነጥቅ መውሰድ የሚቻለው በዚህ ፍጥነት ነው። ደን አጠገብ የተወለዱ ኬልቶች ግን ያለ ሕንፃም እምነት ስለሚያገኙ ይቀድማሉ። (የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክት ስለነበሩ እምነት መስጠታቸው ያስኬዳል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 መተከላቸው የጨዋታው ቸርነት ነው።)

ብዙ ሰው የሚከስረው ሊጋሊዝም ላይ ነው። ትራዲሽን ከተባለው የፖሊሲ ስብስብ የሚወሰደው ይህ ፖሊሲ ለመጀመሪያዎቹ 4 ከተሞች የባህል ሕንፃ በነፃ ይሰጣል። ፖሊሲው ሊገባ ጥቂት ተራ ሲቀረው ሁለተኛው ከተማ ላይ ስቴሌ መጀመር 40 ምርት መድፋት ነው፤ እዚያ ሽራይን ወይም ሠራተኛ ይሠራ። ዋና ከተማው ላይ ግን በእጅ እሠራዋለሁ፤ መጠበቅ ፓንቴዮኑን ያስበላል። ነፃው ድርሻም አይጠፋም፤ ድራማ ኤንድ ፖኤትሪ የተባለው ቴክኖሎጂ ሲጠና በአምፊቲያትር ይካሳል፣ እሱ ደግሞ ከስቴሌ ይወደዳል።

4 ስቴሌ በተራ 8 እምነት ነው፤ ሃይማኖት ለሚመሠርተው የመጀመሪያው ነቢይ የሚያስፈልገው 200 በ25 ተራ ይሞላል። በየከተማው ሽራይን ሲታከል 12 ይሆንና ወደ 17 ተራ ይወርዳል። 8 ስልጣኔ ባለበት ስታንዳርድ ካርታ ሃይማኖት መመሥረት የሚችሉት 5 ብቻ ስለሆኑ ሽራይኖቹን አልዘልም። ስቶንሄንጅ የተባለውን ድንቅ ሕንፃ ግን እዘላለሁ፦ 185 ምርት ተበልቶ የሚገኘው 5 እምነት ነው።

ከተማ ባበዛሁ ቁጥር እምነቱ ይጨምራል፣ የዓድዋው ጥቅም (የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ) ግን ይሸሻል፤ 20 በመቶው የውጊያ ብልጫ የሚሠራው ከኢትዮጵያ የበለጠ ከተማ ያለው ጠላት ላይ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ጦረኛ ከሆነ 4 ላይ እቆማለሁ።

ከህዳሴው ዘመን በኋላ 2 እምነት ብቻውን አይቆጠርም። ቢሆንም የትራዲሽን ፖሊሲዎች ሁሉ ተሟልተው ከሆነ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመው እምነት ታላቅ መሐንዲስ ይገዛል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን ቀሪ በሚሲዮናውያን አልጨርሰውም።