ከሞተር ቅያሪ በኋላ፦ ጥቁር ጭስ፣ የሚርገፈገፍ ሚኒሞና አንዲት ትንሽ ሴንሰር

የመኪናዬን ያረጀ ሞተር አውጥቼ ከዚያው ዓይነት የሆነ፣ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የተሠራ ሌላ ሞተር ስገጥም፣ ከባዱ ሥራ ማንሣቱና ማስገባቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፍሪሲዮኑ ተስተካክሎ፣ ውኃና ዘይት ተሞልቶ ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ፤ ለጥቂት ደቂቃም ያለ እንከን ሠራ። እየሞቀ ሲሄድ ግን ማርሚታው ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ዓይን እስኪያቃጥል ድረስ በዛ፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ከ500 እስከ 900 ዙር እየወጣና እየወረደ መላውን መኪና ያርገፈግፈው ገባ። ነዳጅ ስሰጠው እንደ መታፈን ይልና ዘግይቶ ይነሣል።

የመጀመሪያ ስሕተቴ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) መቀየር ነበር። አራቱንም ፈትቼ ስመለከታቸው ደረቅና ለስላሳ ጥቁር ጥላሸት እኩል ለብሰዋል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም አንድ ኢንጀክተር (ነዳጁን የሚረጨው) ቢያፈስ ወይም አንድ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ቢደክም ኖሮ ከአራቱ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ጥፋቱ ለአራቱም የጋራ ከሆነ ቦታ ይመጣል ማለት ነው። እኔ ግን አዳዲስ ካንዴላዎች ገጠምሁ፤ ሞተሩ ለግማሽ ቀን ተሻለው፣ ከዚያም ወደ ቀድሞው ተመለሰ፣ አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ ጠቆሩ።

ከዚያ በኋላ ነው መፍታቱን ትቼ ማሰብ የጀመርሁት። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁን አያየውም። የሚያየው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት፣ የሞተሩን ዙር፣ የሚገባውን አየርና የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት ነው፤ ከእነዚህ ተነሥቶ ምን ያህል አየር እንደገባ ያሰላና በክብደት ወደ 14.7 ለ 1 የሚጠጋ ድብልቅ እንዲገኝ ኢንጀክተሮቹን ለተወሰኑ ሚሊሰከንዶች ይከፍታል። በመጨረሻም የኦክስጅን ሴንሰሩ ከጭሱ የሚልክለትን መልእክት ተቀብሎ ስሌቱን ያርማል። ስለዚህ ነዳጅ ሲበዛ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን መጠን አዝዞ ከትእዛዙ በላይ እየፈሰሰ ነው? ወይስ የተሳሳተ መረጃ ደርሶት ራሱ አብዝቶ እያዘዘ ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ቀላል ነበር። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ገጠምሁ፤ የግፊት መቆጣጠሪያው የቫኩም ጎማ ሲነቀል 3 ባር፣ ጎማው ተሰክቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር 2.5 ባር ያህል አነበብሁ፤ ለዚህ ሞተር ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጎማውን ነቅዬ አሸተትሁት፤ የመቆጣጠሪያው ዲያፍራም (በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ቤንዚን በዚያ በኩል በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሳብ ነበርና። ደረቅ ነው። ኢንጀክተሮቹን በተመለከተ ሞተሩን ከማስገባቴ በፊት የአሮጌውን ሞተር ኢንጀክተሮች አዛውሬያለሁ፤ ኮምፒውተሩ የአሮጌው ሞተር ስለሆነ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያላቸው ኢንጀክተሮች ቢገጠሙለት በዚያው የመክፈቻ ጊዜ የበለጠ ነዳጅ እንደሚፈስስ ሳያውቅ ያዝዛል። እዚያ ላይ ቢያንስ ተጠንቅቄ ነበር።

ቀጥሎ ስካነር (የኮምፒውተሩን ንባብና ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ) ሰካሁ። አንድም የብልሽት ኮድ የለም። ይህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ይመስለኛል፦ ኮድ የሚመዘገበው አንድ ሴንሰር ጭራሽ የማይሆን ነገር ሲናገር ነው፤ ለምሳሌ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ገመድ ቢበጠስ ንባቡ ወደ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ኮምፒውተሩ ይጠረጥራል። ሊሆን የሚችል መስሎ የሚዋሽ ሴንሰርን ግን አብዛኞቹ የድሮ ኮምፒውተሮች ያምኑታል። ስለዚህ ኮዱን ትቼ ንባቦቹን አንድ በአንድ ተመለከትሁ። የአየር ማስገቢያው ግፊት በሚኒሞ 36 ኪሎ ፓስካል ነበር። የግፊት ሴንሰሩ ጎማ ወልቆ ቢሆን ንባቡ ከውጭው አየር ጋር ይስተካከልና ኮምፒውተሩ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው የተረገጠ ይመስለው ነበር፤ የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቀው) በአንድ ጥርስ ተዛንፎ ቢሆንም ቫኩሙ (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) ደክሞ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይል ነበር። ሁለቱንም ተውኋቸው።

የኦክስጅን ሴንሰሩ 0.88 ቮልት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ጤነኛ ሞተር ላይ ከ0.1 እስከ 0.9 ባለው መካከል ያለማቋረጥ መመላለስ ነበረበት፤ ከፍ ብሎ መቆሙ ድብልቁ ነዳጅ እንደበዛበት ያረጋግጣል። የነዳጅ ማስተካከያው (ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ መልእክት ተነሥቶ ነዳጅ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው) ንባብ ግን ዜሮ ነበር፤ እኔም ዜሮ መሆኑን እንደ በጎ ምልክት ወስጄ አልፌው ነበር። እንዲያውም ዋናው ፍንጭ እርሱ ነበር። ነዳጅ በዝቶ ሳለ ማስተካከያው ካልቀነሰ፣ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን ገና መስማት አልጀመረም ማለት ነው፤ ስካነሩም በዚያው ገጽ ላይ «ኦፕን ሉፕ» (ያለ ኦክስጅን ሴንሰሩ እርማት የሚሠራ) ይል ነበር። ሃያ ደቂቃ የሠራ ሞተር ኮምፒውተር ሴንሰሩን የማይሰማው ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ሲያምን ነው።

የውኃውን ሙቀት ንባብ ተመለከትሁ፤ 41 ዲግሪ ይላል። የክሩስኮቱ የሙቀት መርፌ መሐል ላይ ቆማለች፣ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማም እጅ አያስነካም። አስቀድሜ ያመንሁት መርፌዋን ነበር፤ ነገር ግን መርፌዋ የራሷ አንድ ገመድ ያለው ሴንሰር አላት፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከሌላ፣ ሁለት ገመድ ካለው ሴንሰር ያነብባል፤ የአንዱ ትክክል መሆን ለሌላው ምስክር አይሆንም። ለማረጋገጥ መኪናውን እንደቆመ አሳደርሁትና በማግሥቱ ሞተሩን ሳላስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ ሁለቱን ሙቀቶች ጎን ለጎን አነበብሁ። ሌሊቱን ሙሉ በቆመ ሞተር ላይ የአየሩና የውኃው ሙቀት መቀራረብ አለባቸው። አየሩ 20 ዲግሪ ሲል ውኃው ከዜሮ በታች 15 አለ። ከዚህ የጠራ ማስረጃ በዚህ ሥራ ውስጥ እምብዛም አላጋጠመኝም፤ የሚጠይቀውም አንድ ሌሊት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሴንሰሩን ፈትቼ ከአሮጌው ሞተር ሴንሰር ጋር በቴስተር አነጻጸርሁት። ሶኬታቸው አንድ፣ ጥርሳቸው አንድ፣ በዓይን የሚለያቸው ነገር የለም። በ20 ዲግሪ አሮጌው 2.5 ኪሎ ኦም ሲያነብብ ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጣው 12.5 ኪሎ ኦም ያህል አነበበ፤ 90 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ውስጥ ስነክራቸው አሮጌው ወደ 240 ኦም ወረደ፣ ሌላው 1.2 ኪሎ ኦም ላይ ቆመ። የእነዚህ ሴንሰሮች ተቃውሞ ሲሞቁ ይቀንሳል፤ ኮምፒውተሬ 1.2 ኪሎ ኦምን የሚተረጉመው 40 ዲግሪ ብሎ ነው። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ሌላ ኮምፒውተር የሚረዳውን ቋንቋ ይናገራል እንጂ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ደህና ሠርቶ ሲሞቅ የሚበላሸውም በዚህ ምክንያት ነበር፦ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚፈልግ ስሕተቱ ብዙም አያስታውቅም፣ ሲሞቅ ግን ያው ተጨማሪ ነዳጅ ያፍነዋል። ይህን የመጀመሪያው ቀን ባስተውለው ኖሮ ካንዴላ አላባክንም ነበር።

አሮጌውን ሴንሰር ገጠምሁ፤ ከማቀዝቀዣው ውስጥ አየሩን በሚገባ አስወጣሁ፤ በሴንሰሩ ዙሪያ የታሰረ አየርም ንባብ ያዛባልና። ቀጥሎም ኮምፒውተሩ የተማረውን እንዲረሳ የባትሪውን ነጌቲቭ ለጥቂት ጊዜ አላቀቅሁ። ሞተሩ እንደሞቀ የኦክስጅን ሴንሰሩ መመላለስ ጀመረ፣ ጥቁሩ ጭስም ቆመ።

ርገፋው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አንዱ ምክንያት የጠቆሩት ካንዴላዎች ነበሩ፤ ብልጭታ የሳተ ሲሊንደር ያልተቃጠለ ኦክስጅን ስለሚያስወጣ ሴንሰሩ ነዳጅ አነሰ ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ሁለተኛው ምክንያት የእኔው ግድየለሽነት ነበር። መብራትና ማራገቢያ አብርቼ በሞተሩ ብረትና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ስለካ 0.35 ቮልት አገኘሁ፤ ከ0.1 ባይበልጥ ደግ ነበር። ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የነጌቲቭ ገመድ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አጥብቄው ኖሯል። ቀለሙን ፍቄ መልሼ አሰርሁት፣ ካንዴላዎቹንም ቀየርሁ፤ ሚኒሞው 750 ዙር ላይ ረጋ።

የቀረው ዘይቱ ነበር። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ መጠኑ ከሞላሁት ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ በነዳጅ የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ተሸካሚ) ስለማይጠብቅ ፊልትሮውን ጨምሬ ቀየርሁት። በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ቁልፉን ብቻ ከፍቼ አነበብሁ፦ አየር 19፣ ውኃ 20።