ያው ቴአትር፣ ሌላ ማታ

«ያየሽውን ደግሞ ምን ልታዪ ትሄጃለሽ?» የማይለኝ ሰው የለም። የሥራ ጓደኞቼ ይሉኛል፣ እህቴም በስልክ ትለኛለች። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ፊልም አንዴ ተቀርጾ አልቋል። ዛሬም ብታዩት፣ የዛሬ ዓመትም ብታዩት ያው ነው። የመድረክ ቴአትር ግን በየማታው እንደ አዲስ ይሠራል። ትናንት ያያችሁት ትናንት አለፈ። ዛሬ የምታዩትንም ነገ ማንም አያገኘውም።

እኔ የምከታተለው ከከተማ ከተማ የሚዞረውን «ዘ ላየን ኪንግ» (አንበሳው ንጉሥ) የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ቡድኑ እኛ ጋ ኮሎራዶ ሲመጣ ሥራዬ እስከፈቀደ ድረስ እመላለሳለሁ። ካልመጣ ደግሞ እኔ እሄዳለሁ። አንዴ ሶልት ሌክ ሲቲ ድረስ ነድቼ ሄጃለሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መንገድ ነው። የዋዮሚንግ ንፋስ መኪናዋን ወደ ጎን ሲገፋት መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የደረስኩት። ትርኢቱን አይቼ፣ አድሬ፣ በማግስቱ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ እያንጎራጎርኩ ነው የተመለስኩት።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን የካርቱን ፊልም አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የመድረኩ ሥራ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒያፖሊስ ላይ ታየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ የሚባለው የቴአትር ሰፈር ገባ። በ1998 ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ተብሎ የተመረጠበትን ጨምሮ ስድስት ቶኒ የሚባሉትን ትልልቅ የቴአትር ሽልማቶች ወሰደ። ዳይሬክተሯ ጁሊ ቴይሞር በሙዚቃዊ ቴአትር ዳይሬክተርነት ቶኒ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አልባሳቱንም የነደፈችው እሷ ናት። ጭምብሎቹንና አሻንጉሊቶቹን ደግሞ ከማይክል ከሪ ጋር ሆና ሠራቻቸው። በ2002 ቡድን ተዋቅሮ አሜሪካን መዞር ሲጀምር የመጀመሪያው ከተማ የእኛው የኮሎራዶዋ ዴንቨር ነበረች። እኔ ያኔ እዚህ አገር አልነበርኩም። ግን በዚያው አዳራሽ ስገባ ነገሩ ከዚህ መነሳቱን አስበውና ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ ጊዜ ላይ ፎቅ፣ ጣሪያው ሥር ነው የተቀመጥኩት። ለሌሊት ሠራተኛ ኪስ የሚስማማው እሱ ነው። ሰዎች ከላይ መቀመጥን ይንቃሉ። እኔ ዛሬም ቢሆን አልንቅም። በታሪኩ ውስጥ ድርቁ ሲመጣ መድረኩ መሃል ላይ ክብ ሰማያዊ ሐር ተዘርግቷል። ኩሬው እሱ ነው። ከዚያ ሐሩ መሃሉ ላይ ባለ ቀዳዳ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሳባል። ኩሬው እያነሰ፣ እያነሰ፣ መዳፍ ያህል ይሆንና ይጠፋል። አንድ ጨርቅ ነው እኮ! ግን ድርቅን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ መድረክ አላውቅም። ታች፣ አፍንጫው ሥር የተቀመጠ ሰው ይህን እንደ ልቡ አያየውም።

ታች ስቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ንጉሡ አንበሳ ሙፋሳ ከሞተ በኋላ ሴቶቹ አንበሶች ያለቅሳሉ። እንባው ረጅም ጥብጣብ ነው፤ ከጭምብሉ ዓይን እየሳቡ ያወጡታል። ከፎቅ ስታዩት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ከፊተኞቹ ረድፎች ግን የተዋናይዋ ጣቶች ይታያሉ። ጥብጣቡን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታቋርጥ ትስበዋለች። ጭምብሉ ያለው ከግንባሯ በላይ ነው። ከሥሩ የራሷ ፊት አለ። የራሷ ፊት አያለቅስም፣ ደርቆ ቀርቷል። እኔን ያስለቀሰኝ ያ የደረቀው ፊት ነው። ቴይሞር ሰውን ከእንስሳው ኋላ አልደበቀችም። ቀጭኔውንም፣ በእጅና በእግሩ ረጃጅም ምርኩዝ ተክሎ ቀጭኔውን የሚያራምደውንም ሰው እኩል ታሳየናለች። ይህ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ነገር ይመስለኛል። ብልሃቱን እያያችሁ ታምኑታላችሁ።

ዊልደቢስት የሚባሉት የዱር እንስሳት መንጋ የሚተምበት ትዕይንትም እንደ ወንበሩ ይለያያል። ሩቅ ያለው መንጋ የተሣለው በሚሽከረከር ጨርቅ ላይ ነው። ወደ ፊት እየቀረበ ሲመጣ ጭምብሎቹ ይተልቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ዳንሰኞቹ ራሳቸው መንጋ ሆነው ይፈሳሉ። ከላይ ሆናችሁ አሠራሩን ታደንቃላችሁ። ከታች ከሆናችሁ ወንበር ትጨብጣላችሁ።

አሁን ስለ ተተኪዎቹ ልናገር። ስለእነሱ ካልተናገርኩ ምን ጻፍኩ?

እነዚህ ሰዎች በሳምንት ስምንት ጊዜ ይጫወታሉ። ሰው ነውና ይታመማል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፣ ቤተሰብ ይሞትበታል። ያኔ የእሱን ቦታ የሚይዝ ተተኪ አለ። አንዳንዶቹ ስዊንግ ይባላሉ፤ የብዙ ሰው ቦታ በጭንቅላታቸው ይዘው የሚጠብቁ ናቸው። ዛሬ ጅብ፣ ነገ ሣር፣ ከነገ ወዲያ የሜዳ አህያ። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው ሲቀር ስልክ ተደውሎለት፣ የማያውቀው ፎቅ ላይ ገብቶ፣ ማንንም ሳያጉላላ ሌሊቱን የሚያሳልፍ ባልደረባ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ተተኪ ሲወጣ ልቤ ከእሱ ጋር ነው።

አንድ ማታ የትርኢቱን መጽሔት ስከፍት ትንሽዬ ወረቀት ከውስጡ ወደቀች። ዛሬ የሙፋሳን ልጅ ሲምባን የሚጫወተው እገሌ ነው ትላለች። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አንብቦ ተነፈሰ። «ዋናው የለም ማለት ነው» አለ ለሚስቱ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲምባ በሌሊት ብቻውን ሆኖ አባቱን የሚጣራበት ዘፈን አለ። ዋናው ተዋናይ ከመጀመሪያውም በሙሉ ድምፅ ነበር የሚገባው። እሱንም እወደዋለሁ። ይህ ልጅ ግን እያወራ ነው የጀመረው። ዘፈን አይመስልም ነበር። ስልክ ይዞ መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው። ድምፁ ከፍ ያለው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ አዳራሹን ሞላው። መጨረሻ ላይ ተዋንያኑ ወጥተው እጅ ሲነሱ፣ ጓደኞቹ ትንሽ ወደኋላ ብለው ለእሱ አጨበጨቡለት። ሰውዬውም ቆሞ ነበር የሚያጨበጭበው።

የትንሹ ሲምባና የጓደኛው የትንሿ ናላ ነገርም አለ። ልጆቹ እየተፈራረቁ ነው የሚጫወቱት። ቀን አንዷን አይታችሁ ማታ ብትመለሱ ሌላ ልጅ ታገኛላችሁ። አንዷ ሳቂታ ናት፣ አንዷ ኮስታራ ናት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን መዝሙሩ ነው። ዝነኞቹን ዘፈኖች የጻፉት ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ ናቸው። የአፍሪካውን የኅብረት ዝማሬ ያመጣው ደግሞ ሌቦ ኤም የሚባለው ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ አሜሪካ በስደት የኖረ ሰው ነው። ፊልሙ ሲጀምር የመክፈቻውን ጥሪ የሚያሰማው ድምፅ የእሱ ነው። መድረክ ላይ ጥሪውን የምታሰማው ራፊኪ የምትባለው አዋቂ ዝንጀሮ ናት። በፊልሙ ወንድ የነበረውን ገጸ ባሕርይ ቴይሞር ሴት አደረገችው። መጋረጃው ተከፍቶ ያቺ ሴት በዙሉ ቋንቋ ስትጣራ፣ ዝሆኑና ወፎቹ በተመልካቹ መሃል እየሰነጠቁ ሲመጡ፣ ስንት ጊዜ ብታዩት ሰውነታችሁ ይነዝራል። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከበሮ መቺዎች አሉ። ሰው እነሱን ማየት ይረሳል። አንዳንዴ ሙሉ ዘፈን እነሱን ብቻ እያየሁ አሳልፋለሁ።

ቴአትሩ ውስጥ ዙሉ፣ ኾሳ፣ ሶቶ፣ ጽዋናና ስዋሂሊ የሚባሉ የአፍሪካ ቋንቋዎች አሉ። የሚዘፍኑት ደግሞ ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ሻንጣቸውን ይዘው ከሆቴል ሆቴል፣ ለወራት፣ አንዳንዶቹ ለዓመታት ከቤታቸው ርቀው ይኖራሉ። እኛ ስደት የምንለውን ኑሮ እነሱ በየሦስት ሳምንቱ እንደገና ይጀምሩታል።

ራፊኪ ለብቻዋ ቆማ በቋንቋዋ የምታወራበት ቦታ አለ። ተመልካቹ ቃሉ አይገባውም፤ በሁኔታዋ ይስቃል። አንድ ማታ ገና ማውራት ስትጀምር፣ ማንም ሳይስቅ፣ ከላይ ከፎቅ አንድ ሴት ከት ብላ ሳቀች። አንድ ሰው ብቻ። ሳቁ ቀልዱ ገብቷት የሚስቅ ሰው ሳቅ ነበር። ተዋናይዋ ራሷን ወደዚያ ቀና አደረገች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወደዚያው ወደ ፎቁ እያየች የሆነ ነገር ጨመረች። ከላይ ሳቁ ደገመ። ሁለት ሺህ ሰው መሃል ሁለቱ ብቻ ተጫወቱ። እኛ ምንም ሳይገባን ሳቅን። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ስትመጡ አይጠብቃችሁም። ያን ማታ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ገባሁ፤ ሲያልቅ ተዋንያን በሚወጡበት በር ጋ ቆምኩ። ብርድ ስለነበር ብዙ ሰው አልነበረም። ያቺ ተዋናይ ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ደፍታ ወጣች። ስለዚያች ሳቅ ነገርኳት። ወዲያው አስታወሰቻት። በየከተማው ታዳምጣለች አለችኝ። አንዳንድ ማታ አንድ ሰው ይኖራል፣ አንዳንዴ ማንም አይኖርም። ካለ ወሬዋን ትንሽ ታስረዝመዋለች። «እናትሽ እዚህ ናት?» አለችኝ። የለችም አልኳት። «የእኔም» አለች። መጽሔቴ ላይ ፈረመችልኝና ወደ መኪናው ገባች።

ፊልሙ ላይ የሌለ፣ ለመድረኩ የተጨመረ አንድ ትዕይንት አለ። አገሩ በሲምባ አጎት አገዛዝ ጠውልጓል። ውሃ የለም፣ አደን የለም። ናላ ለመውጣት ትወስናለች። አንበሶቹ ከበዋት ይዘምሩላታል፣ ራፊኪም ትባርካታለች። አንዳንድ ተመልካች እዚህ ጋ ሰዓቱን ያያል፤ ለእሱ የሲምባና የናላ ፍቅር ነው ቁም ነገሩ። እኔ ግን የማንንም መሄድ እንደዚህ በክብር ሲታይ አላየሁም። ስለ ስደት በሚወራው ሁሉ የሄደ ሰው ወይ ይታዘንለታል ወይ ይወቀሳል። እዚህ ግን እጅ ይጫንበታል፣ ይዘመርለታል። ያየኋቸው ናላዎች ሁሉ ይህን ቦታ የተጫወቱት በየራሳቸው መንገድ ነው። አንዷ ስትወጣ ዘወር ብላ አየች። ሌላዋ አላየችም፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እርምጃዋን አፍጥና ወጣች። የቱ እውነት ነው ብትሉኝ፣ ሁለቱንም ኤርፖርት ላይ አይቻለሁ።

በማርች 2020 መድረኩ ሁሉ ተዘጋ። እኛ አልተዘጋንም፤ ያን ጊዜ በሥራ ቦታዬ ያለፈውን እዚህ አልጽፈውም። ቡድኑ ሲመለስ ሁላችንም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገን ነው የገባነው። መብራቱ ጠፋ። ያቺ ጥሪ ስትሰማ ጭብጨባው ከዘፈኑ ቀደመ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቀሩ። እኔ መሸፈኛዬ በእንባ ረጥቦ መተንፈስ አቃተኝ። የዚያን ማታ ትርኢት ጥሩ ይሁን መጥፎ መፍረድ አልችልም። ሁሉም ሰው እዚያ ነበር፣ በቃኝ።

ለመሄድ ላሰባችሁ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። በጊዜ ድረሱ። መክፈቻው ላይ እንስሳቱ በመተላለፊያው ስለሚያልፉ ዘግይቶ የመጣን ሰው እስኪያልቅ ውጭ ያቆሙታል። መክፈቻው ካመለጣችሁ ደግሞ ግማሹ አመለጣችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የምታዩ ከሆነ ታች፣ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ። ሁለተኛ ከቻላችሁ የፎቁን የመጀመሪያ ረድፍ። ብቻችሁን ለመሄድ አትፈሩ፤ አንድ ወንበር ሁሌም ከሁለት ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፣ የእኔም ብዙዎቹ ትኬቶች የተገኙት እንደዚያ ነው። ወረቀቷ ከመጽሔቱ ውስጥ ከወደቀች ደግሞ አትዘኑ። አንብቧት፣ ስሙን ያዙ፣ መጨረሻ ላይ ጮክ ብላችሁ አጨብጭቡለት።

በሚቀጥለው ሲመጡ እኔ በጎን በኩል፣ ከበሮ መቺዎቹ ቅርብ ነው የምቀመጠው። ከዚያ ወገን አይቼው አላውቅም። ፈረቃዬን የምትሸፍንልኝን ልጅ ከአሁኑ ለምኛታለሁ፤ እሺ ብላለች፣ ግን አንድ ቀን እሷንም ይዣት እንድሄድ ነው። የቱ ወንበር ላይ ላስቀምጣት እያልኩ እያሰብኩ ነው።